እንደ ማውስ ያለ ዕቃ

አርክቴክቱ የሞተው ዓይኑ እንደተሸፈነ ነበር። ከቢሮው ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ፣ ጓሮ ውስጥ ከተከመረው አሮጌ ብረት አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል፤ ዓይን ሸፍኖ ሌላ ዓለም የሚያሳየው ጥቁር የቪአር መነጽር ግን ከፊቱ ላይ ንቅንቅ አላለም። እግሩ ባዶ ነው። ያገኘው ከምሳ የተመለሰው በያጅ ሲሆን፣ ሽማግሌው ደክሟቸው ጋደም ያሉ መስሎት «ጋሼ፣ ፀሐይ ይመታዎታል» ብሎ ነበር።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ጣቢያው ውስጥ «ቆስቋሿ» ይሏታል፤ የተዳፈነ እሳት አይታ ማለፍ አትችልም ለማለት ነው። ስሙን ያወጣላት በዕድሜ ታናሿ የሆነው አለቃዋ ነው፤ ያወጣውም ለሙገሳ አይደለም። ጡረታዋ ደርሷል፣ ጉልበቷ ይነዝራታል፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራዋ ሰው አድኖ አይታ አታውቅም። እሷ የምትደርሰው ሁልጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሥራዋ ማን እንደጨረሰው መናገር ብቻ ነው። ይህን ካወቀችው ቆይታለች፤ ያም ሆኖ እጇ መቆስቆሱን አይተውም።

«እግሩን ምን ታዪዋለሽ? የወደቀው በጭንቅላቱ ነው» አለ አለቃዋ።

«ውስጥ እግሩ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ቢታጠብስ? የተማረ ሰው ነው። እስቲ ወደ ላይ እንውጣ፤ አንቺ ከሬሳ ጋር ወግ ከጀመርሽ አትጨርሺም።»

መነጽሩ የሚጠለቅበት ማሳያ ክፍል ሰፊና ባዶ ነበር። መሐል ላይ ሻካራ የቃጫ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አጠገቡ ካልሲ የተወሸቀበት አንድ ጥንድ ጫማ ተቀምጧል። ቬንትሌተሩ አሁንም ይሽከረከራል። በአንድ በኩል ያለው ተንሸራታች የመስታወት በር ተከፍቷል፤ ከበሩ ውጭ ጠባብ በረንዳ አለ፤ በረንዳው ላይ ግን መደገፊያ የለም። ሠራተኞች አሮጌውን ብረት በአዲስ ሊቀይሩ ሥሩን እየፈለፈሉ አውጥተውት፣ የበረንዳው ወለል በሲሚንቶ ብናኝ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መዳፏን አሳረፈች። ስታነሳው ግራጫ ሆኗል። እጇን እያየች ስለዚያ ንጹሕ እግር አሰበች።

ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የመነጽሩ ቴክኒሺያን ናት፤ የሟቹም የእንጀራ ልጅ። በአንቀልባ እያለች ነው እናቷን ያገባው፤ ከ«አባዬ» ሌላ ስም ጠርታው አታውቅም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«እንዴት አድርገሽ ልጄ?»

«መነጽሩ ሰው ከተከለለው ቦታ ሊወጣ ሲል የሚበራ መስመር አለው። አባዬ መስመሩን አይወደውም። አጥፊልኝ አለኝ፣ አጠፋሁለት። በሱ ፈንታ ምንጣፉን አነጠፍኩ። ጫማ አውልቀው ይቆሙበታል፤ እግራቸው ከሻካራው ወጥቶ ለስላሳውን ሴራሚክ ሲነካ ይመለሳሉ። እዚህ ቢሮ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«በሩስ?»

«ብረቱ ከተነሳ ወዲህ ዝግ ነው። ኬብል ልገዛ ስወጣ ዘግቼው ነበር። የዘጋሁት መሰለኝ። አሁን ምኑንም አላውቅም። እሰሩኝና ይለቅልኝ።»

አሰሯት።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። አለቃው መኪና ውስጥ እንዲህ ሲል አስረዳት። መነጽሩ ማሽን ከሆነ፣ እንደ ክሬንና እንደ ሊፍት ኃላፊ ኦፕሬተር ይኖረዋል፤ ያለ ጠባቂ ትቶት የሄደው ኦፕሬተርም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሰሳል፤ ልጅቷ ወጣትነቷን እስር ቤት ትጨርሳለች። እንደ ማውስና እንደ ኪቦርድ ያለ የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃ ከሆነ ግን ኦፕሬተር የሚባል ነገር የለም፤ የደረሰው አደጋ ነው፣ መዝገቡም ይዘጋል። ጥያቄው ለባለሙያዎች ኮሚቴ ተልኳል።

«እስከ ሰኞ ይመልሳሉ። እስከዚያ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት።

እሷም እንደ ልማዷ አላረፈችም። ጣቢያ ስትደርስ ልጅቷ የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘቻት። ሲፈረድባት ለመስማት የቸኮለች ትመስል ነበር። ይህ መርማሪዋን አንጀቷን በላት፤ ንጹሑ እግር ደግሞ ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን አነጋገረች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከረባቱን በሐዘኑም ቀን አላላላውም።

«አክሰሰሪ ነው» አለ ገና ሳትቀመጥ። «የተገዛው ከማውስና ከኪቦርድ ጋር ነው፤ የሚቀመጠውም ከነሱ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ ይነቀላል። በማውስ ገመድ ተጠልፎ የወደቀ ሰው ቢኖር ማውሱን ታስራላችሁ?»

«ማውሱን ያቀበለውን ይሆናላ የምናስረው። እርስዎስ አድርገውት ያውቃሉ?»

«አንዴ። አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።»

«ወንድምዎ ውስጡ ምን ያዩ ነበር?»

«የደንበኛ ሕንፃ ነዋ። ገና ያልተሠራ ሕንፃ ውስጥ ገብተው ይዞሩበታል፤ ሌላ ምን ሊያዩ ይችላሉ?» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመቤቴ፣ ማሽን ነው ከተባለ ይህ ቢሮ ይዘጋል። ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ ስሙን ደግሞ አልቀብርም።»

ልብ ብላ አየችው። ወንድሙ እንዲሞት የሚፈልግበት ምክንያት ፈልጋ አጣችለት፤ እንዲድን የሚፈልግበትም ያን ያህል ጎልቶ አልታያት።

ንድፍ አውጪው በበኩሉ ከሟቹ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው። ከጆሮው ላይ እርሳስ ስለማይለየው ስሙ ራሱ «እርሳስ» ሆኖ ቀርቷል። ጠረጴዛው ሥር የእርሳስ ቅርፊት ተከምሯል፤ ትናንት የጠጣበት ብርጭቆ ዛሬም እንዳለ ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ? ማሽን ነው ወይስ ዕቃ?»

«በሽታ ነው እህቴ» አለ እርሳስ። «ድሮ በወረቀት ላይ እንጣላ ነበር። መስመሩ ጠመመ፣ አልጠመመም፤ ተሳድበን፣ ታርቀን፣ ምሳ አብረን። ያ ነገር ከመጣ ወዲህ የደንበኛ ሕንፃ ልይ ብሎ በምሳ ሰዓት ይገባና በሩን ይዘጋል። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።»

«አልቅሶ?»

«መነጽሩ ያሞቃል አለኝ። እኔም አመንኩት። ማመን ይቀላላ። ሚስቱም ምስኪን የዓይን ጠብታ ስታመላልስ ከረመች።»

«በሞቱ ቀን የት ነበርክ?»

«ታች፣ ማተሚያው ጋ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም፤ እንደምታዪኝ ሲያዩኝም ብዙ ልብ አይሉኝም።»

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆም አለች። ከደረጃው እስከ ማሳያ ክፍሉ ድረስ ሌሎች የቃጫ ምንጣፎች ተደርድረዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም የጫማ ጭቃ ጠግበዋል። የመጨረሻው፣ ለበሩ የቀረበው፣ ንጹሕ ነው።

«ጽዳት ማናት እዚህ?» አለች ወደ ኋላ ዞር ብላ።

«ፈቃድ ላይ ናት» አለ እርሳስ ከውስጥ። «እሷ ከወጣች ወዲህ ቢሮው በሙሉ የኔን ጠረጴዛ መስሏል።»

መርማሪዋ የንጹሑን ምንጣፍ ጫፍ ገለበጠች። በጀርባው፣ በቃጫው ፈትል መሐል፣ ግራጫ ብናኝ ተሸጉጧል። ቀጥሎ የደረጃውን መስኮት ከፈተች። ከውጭ፣ ደፉ ላይ፣ ያው ብናኝ በብዛት ተደፍቷል። አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ምንጣፍ አራግፏል። ያን ጊዜ የእግሩ ነገር ተገለጠላት፤ ተገልጦላት ግን ደስ አላላትም።

ሚስትየዋ ቤቷ ተቀበለቻት። ሐዘን የገባበት ቤት አይመስልም፤ ትራሱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሴትየዋ ስታወራ መዳፏ ጠረጴዛውን ይጠርጋል፤ የሚጠረግ ነገር ግን የለበትም።

«ልጄን ልቀቁልኝ እህቴ። እንደ ማውስ ያለ ዕቃ ነው። ማውስ ሰው ይገድላል? ስልክ ቻርጅ አድርጋ ብትሰጠው ትታሰር ነበር? እኔ ስለ ኮምፒውተር ባላውቅም ይሄ ይገባኛል።»

«እርስዎ አድርገውት አያውቁም?»

«እኔ? ስልኬን በቅጡ የማልችል ሴትዮ!» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ያን ቀን እንደ ሌላው ቀን ጠብታውን አድርሼለት ወጣሁ። ጫማውን ሲያወልቅ ነው የተለየሁት። ያ ነው መጨረሻችን።»

«እንዴት የወደቁ ይመስልዎታል?»

«ምን አውቄ። መጋረጃውን ልክፈት ብሎ ይሆናል፣ ከዚያ ወለሉ አለቀበት።»

ግድግዳው ላይ የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶ ተሰቅሏል። መስታወቱ ያብረቀርቃል።

«የመጀመሪያ ሚስቱ ናት» አለች ሴትየዋ የእንግዳዋን ዓይን ተከትላ። «ወጣት ሆና ነው የሞተችው፤ ነፍሷን ይማር። በየሳምንቱ የምወለውላት እኔ ነኝ። አልቀናሁባትም፤ በሙት ይቀናል እንዴ?»

መርማሪዋ ወደ ቢሮው ስትመለስ አለቃዋን አስከትላ ነበር። የማሳያ ክፍሉን በር ዘጋች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ምንጣፉ ላይ ቆመች። መስታወቱ በር ላይ መጋረጃ እንደሌለ ልብ አለች፤ የተሰቀለበት ምልክት እንኳ የለም።

«ያዘኝ» አለችው።

«ዛሬ ደግሞ ጨዋታ አማረሽ?» አለ፤ ክንዷን ግን ያዘ።

ከሟቹ ፊት የተነሳውን፣ ሳይሰበር የተረፈውን መነጽር አጠለቀች። መነጽሩ ሟቹ መጨረሻ የከፈተውን አሳያት። የደንበኛ ሕንፃ አልነበረም። ጣሪያው ዝቅ ያለ የድሮ ክፍል ነው፤ የብረት አልጋ፣ ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ ቁምሳጥን፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሴት ቀሚስ። ወዲያ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ በነጭ መጋረጃ የተሸፈነ መስኮት አለ። ከመጋረጃው ኋላ ብርሃን፣ በብርሃኑ ላይ የቆመች ሴት ጥላ ይታያል። ጥላው አይንቀሳቀስም፤ ግን ሰው እየጠበቀ ያለ ይመስላል። መርማሪዋ አለቃዋን ረሳች፣ ጉልበቷን ረሳች። እግሯ ለስላሳውን ሴራሚክ ሲነካ ነው የባነነችው። እጇን ወደፊት ዘርግታ ነበር። መጋረጃው ገና ጥቂት እርምጃ ይቀረዋል።

«ምን አየሽ?»

«ቤት።»

«ስክሪን ነው ያየሽው። ዓይንሽ ላይ የተለጠፈ ስክሪን።»

«ከስክሪን ፊት ተቀምጬ ስንት ሬሳ አይቻለሁ» አለች መነጽሩን እያወለቀች። «እጄን ዘርግቼ ግን አላውቅም። አሁን እጄ ወዴት ነው የተዘረጋው?»

አለቃው አየ። የተዘረጋው ወደ በረንዳው ነበር።

ልጅቷን በእስር ክፍሉ ደጃፍ አነጋገረቻት። መነጽሩ ውስጥ ያየችውን ቤት ነገረቻት።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«ከአሮጌ ፎቶዎች። ለመነኝ። ሙሽራ ሆነው የኖሩበት ቤት ነው። እማዬ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኛል፤ ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም።»

«መጋረጃውስ ፎቶ ላይ ነበር?»

«የለም። እሱ ነው የነገረኝ። ከሥራ ሲመጣ ሁልጊዜ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ታየው ነበር አለኝ።»

«ከኋላው ምን አለ?»

«ምንም። ፊቷን መሥራት አቃተኝ። መጋረጃው ጋ ደርሶም አያውቅም። ምንጣፉ ያልቅበታል። አስረዝሚልኝ ይለኝ ነበር። የበረንዳው ብረት ይተከል፣ ከዚያ አስረዝምልሃለሁ አልኩት።»

መርማሪዋ ቆመች። ከዚህ በኋላ የቀራት ጥያቄ አልነበረም። ቢኖራት በወደደች ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ጋ ቆመ፤ እርሳስ አንዲት በርጩማ አግኝቶ ተቀመጠ፤ ልጅቷ በአንዲት ፖሊስ ታጅባ ገባች። እናትየዋ ልጇን አቅፋ አለቀቀቻትም፤ ሲለያዩዋት የልጅቷን ኮሌታ አስተካከለችላት።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለች መርማሪዋ ለአለቃዋ። «ጫማህን አውልቅና በረንዳው ላይ አንድ ጊዜ ርገጥ።»

አለቃው እየተነጫነጨ አወለቀ፤ በሩን ከፍታ አንድ እርምጃ አስወጣችው፤ መለሰችው። እግሩን ሲያነሳ ውስጡ ግራጫ ሆኖ ታየ።

«የሟቹ እግር እንደዚህ አልነበረም። ባዶ እግሩን ከዚህ ክፍል እስከ በረንዳው ጫፍ ሄዷል፤ እግሩ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ የረገጠው በረንዳውን አይደለም። የረገጠው ምንጣፍ ነው።» ከኮሪደሩ ያመጣችውን ምንጣፍ ከመሐለኛው ጫፍ አንስታ ዘረጋችው። ደፉን አልፎ ከበረንዳው ጫፍ ደረሰ። «እግሩ ሻካራ እስከነካ ድረስ ‹ደህና ነኝ› ይላል። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይህን አነጠፈለት። ንፋሱም አላነቃውም፤ ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ነው። ሲወድቅ ምንጣፉ ተነስቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጓሮው ሰው የማያልፍበት ስለሆነ ጊዜ ነበረ።»

«ልጅቷ ናታ» አለ አለቃው። «ምንጣፉ የሷ ሐሳብ ነው።»

«ልጅቷ ኬብል ስትገዛ በሱቁ ካሜራ ታይታለች። የተመለሰችው ሬሳው ከተገኘ፣ ሰውም ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ምንጣፍ ልታነሳ አትችልም።» ዞር አለች። «ሥራ አስኪያጁና እርሳስስ? ሁለቱም ሟቹ የደንበኛ ሕንፃ የሚያይ ነበር የሚመስላቸው። ሕንፃ የሚያይ ሰው ደግሞ ይዞራል፤ ግራ ይሄዳል፣ ቀኝ ይሄዳል። ምንጣፍ በአንድ አቅጣጫ ቢያነጥፉለት በዚያ እንደሚሄድ በምን ያውቃሉ? ያነጠፈው ሰው ሟቹ በየቀኑ ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ አንድ መጋረጃ ብቻ እንደሚሄድ ያውቃል።»

«የምን መጋረጃ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይኸው፤ እርስዎ አያውቁም። እዚህ ክፍል መጋረጃ የለም። መጋረጃ ያለው መነጽሩ ውስጥ ነው።» መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ተጠጋች፤ ድምፅዋ ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። «እርስዎ ግን ‹መጋረጃውን ልክፈት ብሎ ይሆናል› አሉኝ። ምንጣፉን ከመመለስዎ በፊት ደግሞ በደረጃው መስኮት አራገፉት። ሌላ ሰው ቢሆን ምንጣፉን እንደቆሸሸ በእግሩ ገፍቶ ይመልሰው ነበር፤ ከጭቃዎቹ መሐል አይለይም ነበር። እርስዎ ብናኝ ያለበት ነገር መመለስ አይሆንልዎትም።»

ሴትየዋ ልጇን ሳይሆን እጆቿን ትመለከት ነበር።

«ጠብታውን ላደርስ መጥቼ አንድ ቀን አጣሁት» አለች በመጨረሻ። «እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ኖሯል። መነጽሩ ወንበር ላይ ነው። እስቲ ዓይኑን የሚያቀላው ምንድነው ብዬ አደረግሁት። ቀና ስል ቤቷ ውስጥ ነኝ። ፎቶዋን ስወለውል እሷ ግድግዳ ላይ ናት፣ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። እዚያ ግን ቤቱ የሷ ነው። አልጋው የሷ፣ ቀሚሱ የሷ፣ ከመጋረጃው ኋላ የቆመችውም እሷ። ዞሬ ዞሬ የኔ የሆነች አንዲት ብርጭቆ አጣሁ። እጄን ላይ ብል፣ እጄ ራሱ የለም።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

«ማን እንደሠራውም ወዲያው ገባኝ። ዝም አልኩ። በየቀኑ ጠብታ እያመላለስኩ ዝም አልኩ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ሰው በየቀኑ እኔ ወደሌለሁበት ይሄዳል፤ መንገዱን ያበጀችለት ልጄ ናት። አንድ ቀን ታዲያ ወደ እሷ መሄድ ነው የሚፈልገው፣ እንግዲያውስ ይሂድ አልኩ።»

«ልጅዎን ግን እንዴት አስችሎዎት?»

«ሁሉም እዚህ ቤት ‹አክሰሰሪ ነው› ይላል። በማውስ የታሰረ ሰው አለ? አደጋ ነው ብለው ይቀብሩታል አልኩ። እሷን ይይዙብኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ከያዟት በኋላ ደግሞ ኮሚቴው እስኪወስን ልጠብቅ አልኩ። ማሽን ነው ካሉ እናገራለሁ። ዕቃ ነው ካሉ ሁለታችንም ቤታችን እንገባለን።»

«ዕቃ አለመሆኑን ግን እርስዎ ያውቁ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ከሁላችንም በፊት።»

ሴትየዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እርሳስ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ይዞት ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ፈታ።

የአለቃው ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ወደ ኮሪደር ወጥቶ አነጋገረ፤ ሲመለስ መርማሪዋን ብቻ ነጥሎ ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ክፍሉ ዕቃ ስለሌለው ግን ድምፅ ያስተጋባል፣ ሁሉም ሰማ።

«ኮሚቴው እስከ ሰኞ አላቆየውም። የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃ ነው ብለዋል። ኃላፊ ኦፕሬተር የለውም። መዝገቡ በአደጋ ሊዘጋ፣ ልጅቷም ዛሬውኑ ልትለቀቅ ነበር።» ከዚህ በላይ የሚጨምረው አጣ። «አሁን ያው እንግዲህ ሌላ ነው።»

መርማሪዋ በረንዳው ላይ የዘረጋችውን ምንጣፍ ልትጠቀልል ጎንበስ ብላ ሳለ፣ ልጅቷ ከኋላዋ ቆማ አገኘቻት። የታሰረች ጊዜ እንኳ እንዲህ አልደነዘዘችም ነበር።

«ማን ለመነዎት?» አለቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አንቱታውንም አልተወችም። «እኔ ገደልኩ ብያለሁ። ገዳይ መባሉን ለምጄው ነበር። አንድ እናት ብትቀረኝ ምን ነበረበት?»

«እውነቱ ይሄ ነው ልጄ።»

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁንም እኔው ነኝ የገደልኩት። እውነቱ ለማን ጠቀመ?»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ጥያቄ መልሳለች። በዚህኛው ግን ልጅቷ ልክ ናት ብላ አሰበች፤ ምንጣፉን ጠቅልላ ጨረሰች።

ጣቢያው ውስጥ ተረኛው ፖሊስ እናትየዋን መዝግቦ ወደ ሴቶች ክፍል አስገባት። ልጅቷን ደግሞ የወሰደባትን ቀበቶና ስልክ መለሰላት።

«ነፃ ነሽ። መሄድ ትችያለሽ።»

«የት?»

«ቤትሽ ነዋ።»

ልጅቷ ቀበቶውን ይዛ ቆመች። ቤቷ የሁለቱ ቤት ነው፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዷ ከዚያ በር ኋላ ናት። «እሷ ጋ አስገቡኝ» አለች።

«አይቻልም እህቴ፤ ያልታሰረ ሰው አይገባም።»

«እንግዲያው እዚህ ልቀመጥ።»

ተረኛው መርማሪዋን በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷም ተዋት አለችው። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መርማሪዋ ከአጠገቧ ልትቀመጥ ስትል ልጅቷ ተነስታ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። ሁለቱም በዚያው ወንበር ላይ፣ ተራርቀው፣ የጠያቂ ሰዓት አልቆ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆዩ።